አባቴ ወረቀት የሆኑበት ጨዋታ

ሰው ከሰው ይራቅ፣ እጁን ቶሎ ቶሎ ይታጠብ፣ በሽተኛ የነካ ለብቻው ይቀመጥ ተብሎ በቴሌቪዥን የታወጀ ዕለት አባቴ ሶፋው ላይ ሆነው ከት ብለው ሳቁ። «በአገራችን እኛን ቤተ እስራኤሎችን ‹አትንኩኝ› እያሉ ሲያላግጡብን አልነበር እንዴ? ከገበያ ስንመለስ ወንዝ ወርደን ታጥበን ስንገባ፣ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ሲቀመጥ፣ እነዚህስ ጤናም የላቸው ይሉን አልነበር? ይኸው! የዓለም መንግሥት በሙሉ አትንኩኝ ሆነ!» አሉ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆመው ለሚያልፈው ለሚያገድመው ይህንኑ ሲናገሩ ዋሉ። ላያቸው ሰው ኮሮናን የፈለሰፉት እሳቸው ይመስሉ ነበር።

ሳቃቸው የቆየው ግን እስከ ማታው ዜና ብቻ ነው። «እግር ኳስም ተቋርጧል» ሲባል ዘወር ብዬ አየኋቸው። አፋቸው እንደተከፈተ ቀርቷል። «ኳስ ደግሞ ምን አደረገ?» አሉኝ፣ እኔ የዘጋሁት ይመስል።

አባትሽንና ኳስን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። አባቴ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ፣ በጎንደር ገጠር ማረሻ ሲቀጠቅጡ የኖሩ፣ ኋላም በሱዳን በኩል በእግራቸው ወደ እስራኤል የመጡ፣ ጸሎት የማያስታጉሉ ሽማግሌ ናቸው። ያገናኛቸው የእኔ ልጅ ነው። ልጄ እዚህ ረሆቮት፣ ክርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈራችን፣ በብሎኮቹ መሃል ባለችው አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልል አድጎ፣ ወደ ሰሜን ራቅ ያለ ከተማ ላለ ክለብ የፈረመ ተጫዋች ነው። እኔ በሕፃናት ማዋያ፣ ጋን በምንለው፣ ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ ባለቤቴ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ልጁን ከትንሽነቱ ጀምሮ ልምምድ ያመላለሱት አባቴ ናቸው። ቦርሳውን ይሸከማሉ፣ ብርቱካን ይልጣሉ፣ ከመስመሩ ዳር ቆመው ይጮሃሉ። የልጆቹ ጨዋታ በአዘቦት ቀን ስለነበር አንድም አላመለጣቸው።

ልጁ አድጎ ዋናው ቡድን ሲገባ ጣጣ መጣ። የትልልቆቹ ጨዋታ ቅዳሜ ነው። አባቴ ደግሞ ሰንበትን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት፤ ሰንበት ከገባ ስታዲየም ቀርቶ ቴሌቪዥኑ እንኳ ጨርቅ ይለብሳል። ልጁ በሰንበት መጫወቱን አልወደዱለትም። ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ለእሱ ሲሆን ዝም ማለት ይችሉበታል። ሰንበት ሲወጣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ «ገባ?» ይሉኛል። «አልገባም አባየ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር።» «በሚመጣው ይገባል» ይላሉ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ለብቻዬ ሲያገኙኝ ግን አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፦ «ከትልልቆቹ ጋር ሲሮጥ አንድ ቀን በዓይኔ ልየው ልጄ። አንድ ቀን ልየው፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር የወደደውን ያድርግ።» እየሳቁ ነው የሚሉት። ሆኖም ቀልድ እንዳልሆነ አባቴን አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ ሰገር ተባለ፣ በሩን ዝጉ ተባለ፣ ሁላችንም ቤት ተከተትን። ጋኑ ተዘጋ። ልጁም ከክለቡ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ወይ አበሳዬ! ሙያው እንዳይጠፋበት ነው አሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሳሎኔ ውስጥ ኳስ ያነጥራል። ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደልቃል፣ እኔ ከላይ እጮሃለሁ፣ ልጁ «ረጋ በይ ኢማ፣ ሥራዬ እኮ ነው» ይለኛል። መጀመሪያ የአበባ ማስቀመጫዬ ሄደ። ቀጥሎ የሠርግ ፎቶዬ መስታወት። አባቴ ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው «እሰይ የኔ አንበሳ! በግራው ሞክር! በግራው!» ይላሉ። «አባየ፣ ቤቴን እያፈረሰው እኮ ነው» ብላቸው፣ «ቤት ቢፈርስ ይሠራል፤ ግራ እግር ግን ከየት ይመጣል?» አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው «ጨዋታው ያለ ተመልካች ይቀጥል ወይስ ጨርሶ ይቅር?» የሚለው ክርክር በአገሩ የተነሳው። ቴሌቪዥኑ ላይ ባለሙያዎች ይጨቃጨቃሉ፤ እኛ ብሎክ ደግሞ ፓርላማው በረንዳ ላይ ይሰበሰባል። ሰው ሁሉ ከየፎቁ አንገቱን አውጥቶ ያወራል፣ ርቀቱ እንደሆነ ተጠብቋል። እኔ አቋሜን ለመናገር ማንንም አልጠበቅሁ። «ይቀጥል! ዛሬውኑ ይቀጥል! ባዶ ሜዳ ላይ ይጫወት፣ ጨረቃ ላይ ይጫወት፣ ብቻ ከሳሎኔ ይውጣልኝ!» አልኩ።

«ተይ እንጂ» አሉ አባቴ። «ሰው የሌለበት ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው? እድምተኛ የሌለው ሠርግ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሙሽራው ለማን ይሽኮርመማል?»

ከፊት ለፊታችን ብሎክ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት እትየ አሉ። ሙሾ አውራጅ ናቸው። ከረሆቮት እስከ አሽቀሎን ለቅሶ ሲኖር መኪና ተልኮላቸው የሚሄዱ፣ ሟችን አይተውት ባያውቁ እንኳ አባቱን፣ አያቱን፣ የአያቱን በቅሎ ሳይቀር በግጥም የሚያነሱ ሴት ናቸው። ኮሮና ከገባ ወዲህ ግን ሥራ ፈቱ። መሰብሰብ ተከልክሎ ሰው በጥቂት ሰው ይቀበራል። ከአባቴ ጋር ስንት ዓመት በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ግን በረንዳቸውን በመዳፋቸው መትተው «እውነታቸውን ነው አያ!» አሉ።

«ለኳሱ ሃያ ሁለት ሰው ይፈቀድ ይባልልኛል፤ ለእኔ ግን ሟችና ቀባሪ ብቻ! ባለፈው ጊዜ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? በስልክ አልቅሺ አሉኝ። በስልክ! ደረቴን እየመታሁ ግጥሙን ሳወርድ፣ አንዱ ጎረምሳ ‹ድምፅዎ አይሰማም፣ ማይክ ይክፈቱ› አይለኝም? ተቀባይ የሌለው ሙሾ ምንድን ነው? ጩኸት ነው! ኳሱም ያው ነው። ይቅር!»

«እትየ» አልኳቸው እኔም፣ ነገር ሲነሳ ዝም አልልም፣ «የእርስዎ ሟች እኮ አይቸኩልም። የልጄ ውል ግን ሊያልቅ ነው። ካልተጫወተ ማን ያስፈርመዋል?»

በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እትየም ሳቁ፤ ሲስቁ ነው ደግሞ የሚያስፈሩት። አባቴ አልሳቁም። የልጁን ውል ሲሰሙ አቋማቸው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በዓይኔ አየሁት። ቢቀጥል ልጁ ይጫወታል፣ እሳቸው ግን አይገቡም። ቢቀር ደግሞ ልጁ ጭራሽ አይጫወትም። «የቱንም ብትመርጪ ዓይኔ ነው የሚጎዳው» አሉኝ ማታ፣ ቀስ ብለው።

በመጨረሻ ከላይ ተወሰነ፤ ያለ ተመልካች ይቀጥል ተባለ። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ፣ እኔም የተረፈኝን ዕቃ ሰበሰብኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወለ። የተጠራቀመው ጨዋታ ስለበዛ ከሰንበት ውጭም ይጫወታሉ። አንዱ ማክሰኞ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚጀመር፤ በቴሌቪዥንም ይታያል።

«ማክሰኞ!» አሉ አባቴ። ከሶፋው ተነሱ። «ማክሰኞ ምን ሰንበት አለ? ምንም! እሄዳለሁ!» ከዚያ ትዝ አላቸውና መልሰው ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ በሩ ክፍት ሆኖ ቀኑ አልሆነላቸውም፤ አሁን ቀኑ ሲገኝ በሩ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ጉድ ለጠላትም አይስጥ። «ደውይላቸው» አሉኝ። «ውሃ የሚያቀብል ሽማግሌ አያስፈልጋችሁም ወይ በያቸው።» ለክለቡ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በትሕትና ሳቀችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ደግሞ ደውይ አሉኝ፣ ፎጣ የሚያጥፍ ሽማግሌስ? አልደወልኩም። እኔም እኮ የማፍርበት ፊት አለኝ።

ልጁ ነው መላ ያመጣው። ክለቡ ባዶው ወንበር ለዓይን እንዳይከብድ ብሎ የደጋፊዎችን ፎቶ በካርቶን እያሳተመ ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ነው። «የሳባን ልላክ?» አለኝ በስልክ፤ አያቱን ሳባ ነው የሚላቸው።

አባቴ ሰሙና ቱግ አሉ። «ምስል? ኦሪት የሚለውን አታውቁም? እኔን ጣዖት ልታደርጉኝ ነው?»

«ማንም አይሰግድልዎትም አባየ» አልኳቸው። «ሰዎች የውሻቸውን ፎቶ ሁሉ እየላኩ ነው።»

«ከውሻ ጎን?»

«ሳባ፣ መሃል ላይ አስቀምጥዎታለሁ። ከተቀያሪዎች ወንበር ፊት ለፊት። ቤሰደር፣ እሺ?» አለ ልጁ።

አባቴ ጢማቸውን ያዝ አድርገው አሰቡ። «የማይሰገድለት ከሆነ…» አሉና ፎቶውን ራሳቸው መረጡ። የስግድ በዓል ዕለት የተነሱት ነው፤ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ኩታቸውን እስከ አገጫቸው ተጣፍተው፣ ዓይናቸውን ሩቅ ሰቅለው። አባቴ ፎቶ ሲነሱ አይስቁም። በዚያ ላይ ያ ፎቶ ዳርና ዳሩ ጠቆር ያለ ነው። እኔ ምንም አላሰብኩም፤ ልጁ ላከው፣ አለቀ።

ሳምንቱን በሙሉ ሥራቸው ማክሰኞን ማወጅ ሆነ። የማኮሌቱ፣ የሰፈራችን ግሮሰሪ፣ ባለቤት፣ ፖስታ አመላላሹ፣ ከክፋር ግቢሮል ሰፈር ድረስ እየመጣ ደም ግፊታቸውን የሚለካው ነርስ፣ ሁሉም ሰማ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገላቸውን ታጠቡ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ስልክ የሚባል ነገር ይጥፋ!» ብለው አዘዙ። የእኔን አጠፋሁ፣ የሳቸውን አጠፋሁ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። በረንዳውን ለነፋሱ ከፍቼ፣ መጋረጃውን ለፀሐዩ ዘጋሁ።

ተጫዋቾቹ ሜዳው መሃል ተሰለፉ። ልጄ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው፤ እንደለመደው። ከመጀመራቸው በፊት በበሽታው ለሞቱት ሰዎች የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ሁሉም አንገቱን ደፋ፣ የሚያስተላልፈውም ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ካሜራው ደግሞ ቀስ እያለ በካርቶኖቹ ላይ አለፈ። ሕፃን አለ፣ ወፍራም ሰውዬ አለ፣ ውሻም አለ። ከዚያ አባቴ ላይ ደረሰና ቆመ። መቼም ካሜራ የያዘ ሰው መልከ መልካም ነገር ሲያይ አያልፍም። በዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል፣ ነጭ በነጭ ሆነው፣ ቴሌቪዥኑን ሞልተውት ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ!» አሉ አባቴ። «ተመልከቺ፣ ደህና ተቀምጫለሁ!» አጨበጨብን። ከውሻው ሦስት ወንበር ርቀዋል።

እኛ ቤት ውስጥ ስናጨበጭብ ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። ክርያት ሞሼ በሙሉ ያን ጨዋታ ያይ ነበር፤ አባቴ መቼ ሌላ ነገር እንዲያዩ ፈቀዱ? እና እንግዲህ የሆነውን በእነሱ ዓይን እዩት። ኮሮና አለ። ለሞቱት አንገት ተደፍቷል። በዚያው ሰዓት የሽማግሌው ምስል፣ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባዶ ወንበር ላይ ይታያል። በአገራችን ሰው ሲሞት ምስሉንና ልብሱን አውጥቶ መሃል አስቀምጦ ማልቀስ ወግ ነው፤ ፈረንጅ ወጋችንን ከየት ተማረው ብሎ የጠየቀ ሰው እንኳ አልነበረም። «ውይ! አያ አረፉ!» አለ ሁሉም።

አንዱ ደውሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በስልክም አይጠየቅም። ጨዋ ሰው «አባትሽ ሞቱ እንዴ?» ብሎ አይደውልም። ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣል። ጨዋ ያልሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎች ደውለውም ነበር፤ ስልኩ ዝግ ሆነባቸው። ይሄ ደግሞ ነገሩን አጸናው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሄድ ካለ በኋላ ነው ከታች አንድ ድምፅ የሰማሁት። መጀመሪያ መኪና መስሎኝ ነበር። ወደ በረንዳው ብወጣ ግቢው ሰው በሰው ሆኗል። ሁሉም ማስኩን አድርጎ፣ አንዱ ከአንዱ ደንበኛ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው። መሃል ላይ እትየ ቆመዋል፣ ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ ወገባቸውን ታጥቀው። ይኸን ሁሉ ጊዜ ታፍኖ የከረመ ሙሾ ሊፈነዳ ምን ቀረው!

«ማን ሞተ?» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «አልሰማችም! አልተረዳችም ልጄን!» ብለው እንደገና እዬዬውን አቀለጡት። እትየ እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው «አይ የኔ እናት! አባት የሌለሽ!» አሉ።

ዘወር ብዬ አባቴን አየሁ። ሶፋው ላይ ሆነው ጥፍራቸውን ይበላሉ።

«አባየ» አልኩ፣ «እያለቀሱልዎት ነው።»

«ማን?»

«ሰፈሩ።»

«ምን ሆኜ?»

«ሞተው።»

ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «ጨዋታው ሲያልቅ እወጣለሁ በያቸው» አሉኝ።

ወጥቼ «አልሞቱም! ቤት ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ደንግጣ ነው፤ ልቧ አልቀበል ብሎ ነው» ተባባሉ፣ ያዟት ያዟት አሉ። ሁለት ሴቶች ደረጃውን ሊወጡ ሲሉ ርቀቱ ትዝ አላቸውና ቆሙ። ሳቅና እልህ አንድ ላይ ያዙኝ። ገብቼ «አባየ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አንዴ ብቻ ብቅ ይበሉላቸው፤ ሰው ሊያልቅ ነው» አልኳቸው። እያጉረመረሙ ተነሱ፣ ጨዋታውን በአንድ ዓይናቸው እያዩ ወደ መጋረጃው መጡ። ብቅ ሊሉ እጃቸውን ሲሰዱ እትየ ጀመሩ፦

«በቁሙ ሳናየው ሰፈሩ ተዘግቶ፣
ወረቀት ሆነልኝ ወንበር ላይ ተሰፍቶ።»

የአባቴ እጅ መጋረጃው ላይ ቆመ። ግቢው በአንድ አፍ ተቀበለ፣ ደረት ተመታ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያምር ሙሾ ነበር። እትየ በዕድሜያቸው እንዲህ አውርደው አያውቁም ይላል የሰማ ሁሉ።

«የሱዳንን መንገድ በእግሩ ያቋረጠ፣
ምን ነክቶት ነው ዛሬ ወንበር ላይ ቀለጠ።»

«አባየ፣ ይውጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ቆይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አባቴ ጋ ሊደርሱ ነው።» የአባታቸው ስም ተነሳ፣ የአያታቸውም። የገበያው መንገድ ተነሳ፣ ወንዙም። አባቴ መጋረጃው ውስጥ ተጠቅልለው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው የራሱን ሙሾ የመስማት ዕድል መቼ ያገኛል? እኔም እንደቆምኩ ቀረሁ፣ ጨዋታውን ረሳሁት።

«ማረሻ ቀጥቅጦ አገር ያሳረሰ፣
ኳስ አያለሁ ብሎ ካርቶን ሆኖ ጨረሰ።»

«ምሳሩንስ?» አሉ አባቴ ከመጋረጃው ውስጥ፣ ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው። «ምሳርም እሠራ ነበር እኮ! ምሳሩን ረሱት!»

መጋረጃው ተከፈተ። ከታች አንዲት ሴት ሣሩ ላይ ዘጭ አሉ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ጣሉ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ፣ ርቀት የሚባል ነገር ተረሳ፣ ሰው እየዘለለ ሰውን ያቅፋል። እትየ ብቻ ቆመው ቀሩ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «አያ!» አሉ። «በሕይወት ካሉ ለምን ሳልጨርስ ያቋርጡኛል?»

በዚህ ሁሉ እልልታ መሃል ነው ከጎን ብሎክ አንድ ሰው በመስኮት ራሱን አውጥቶ የሚጮኸው የተሰማን፦ «ገባ እኮ! ልጁ ገባ! እናንተ ሰዎች፣ ልጁ ገብቷል!»

አባቴ ዞሩ። መጋረጃው እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። ነጠላ ጫማቸው አንዱ በረንዳ ላይ ቀረ። እኔ ክንዳቸውን ይዤ እየጎተትኩ፣ እሳቸው እየተንፏቀቁ ሶፋው ጋ ስንደርስ ዳኛው ነፋ። ተጫዋቾቹ ክርን ለክርን ይነካካሉ። ልጄ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ፣ ማልያው በላብ ርሶ፣ ወደ መልበሻው ይሄዳል። ጀርባውን አዩ። ሩጫውን አላዩም።

ተቀመጡ።  ብዙ ጊዜ ተቆጥተው አይቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ሆነው ግን አይቻቸው አላውቅም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ መዳፋቸው ወደ ላይ።   ስልኬን ስከፍት ወዲያው ጮኸ፤ ልጁ ነው፣ ከመልበሻ ቤት። ድምፁን ለሁላችን ለቀቅሁት።

«ሳባ! አዩኝ? አዩኝ?»

አባቴ ውሸት የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። «አላየሁህም የኔ ልጅ» አሉት።

«እንዴት? የት ነበሩ?»

«ሞቼ ነበር።»

ልጁ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ነገሩን ሳስረዳው ለጓደኞቹ በዕብራይስጥ ሲነግራቸው፣ መልበሻ ቤቱ ሁሉ ሲያሽካካ ይሰማል። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «አንድ ጊዜ እንኳ አላዩኝም?» አለ። «አንድም» አሉት። «ሦስት ጊዜ ኳስ ነካሁ ሳባ። አንዱን በግራ» አለ። አባቴ ኩታቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ማታውን ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ የተቀዳውን እናሳይዎት አልናቸው። አልፈልግም አሉ። «እኔ ማየት የፈለግሁት ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ነው» አሉ። በነጋታው እትየ በረንዳቸው ላይ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ፣ ልባቸው ተነክቶ ነበር። አባቴ እጃቸውን አወዛወዙላቸው። «ይተውት። ሙሾው ግን ግሩም ነበር» አሉ። «ምሳሩን ጨምሬበታለሁ» አሉ እትየ።

የዚያን ዓመት ልጁ ዳግመኛ አልገባም። ሆኖም ክለቡ አላባረረውም፤ ውሉን አደሰለት። እኔም ይቀጥል ማለቴ ትክክል ነበር፣ አባቴና እትየም ሰው ከሌለ ምኑን ጨዋታ ሆነ ማለታቸው ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ቢከራከረኝ ለሁለቱም ወገን እፈርዳለሁ።

ክትባቱ መጥቶ በሩ ሲከፈት የዋንጫ ጨዋታ ረቡዕ ላይ ዋለ። የክትባት ወረቀታችንን አሳትመን፣ ማስካችንን አድርገን፣ እኔና አባቴ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ተሳፈርን። መንገድ ላይ ሸሚዛቸውን ሦስቴ አስተካከሉ። ስታዲየሙ ውስጥ ሰው በገደብ ነው የገባው፣ ቢሆንም ጩኸቱ ጩኸት ነው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰው ድምፅ ደረቴን ሲመታው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጄ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ፣ አልገባም። ሁለተኛው ተጀመረ። አንዱ ተቀየረ፣ ሁለተኛው ተቀየረ፣ ሦስተኛው ተቀየረ፤ የእኔ ልጅ ከዳር ዳር ሮጦ ሰውነቱን ያሟሙቅና ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ አሠልጣኙን በአማርኛም በዕብራይስጥም ረገምኩት። ጎል ሲገባ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ፤ አባቴ ዓይናቸውን ከዚያ ወንበር አላነሱም። ጨዋታው አለቀ፣ ልጄ ሳይገባ።

ባቡሩ ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጬ ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ግራ ገባኝ። «አባየ፣ ይቅር ይበሉን» አልኳቸው። «ይኸን ሁሉ መንገድ መጥተው በከንቱ ሆነ።»

«ምኑ ነው ከንቱ?» አሉኝ፣ ተቆጥተው። «እሱ ሲጫወት እኔ ወረቀት ነበርኩ። ዛሬ እሱም እኔም ሥጋችንን ይዘን ተቀምጠናል። ቀና ሲል አየኝ፣ እኔም አየሁት። አቀማመጡንስ ልብ አልሽው? እግሩን ሰብሰብ አድርጎ፣ አፉን ሳይከፍት፣ እንደ ትልቅ ሰው።» ማስካቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። «አየሁት እኮ ልጄ» አሉ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።